ለእህቴ የመረጥኩላት በሽታ

ክፉ ናት እንዳትሉኝ አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ ተናኘወርቅ እህቴን እወዳታለሁ። ችግሩ አፌ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቡታጅራ ገበያ ውስጥ በርበሬ የሸጥኩ ሴት ነኝ። ቆሼ ከተማ ድረስ ወርጄ፣ ዛላውን በእጄ አገላብጬ፣ ከገበሬው ጋር ተጨቃጭቄ ነው የማመጣው። በለስላሳ አንደበት በርበሬ አይገዛም። ታዲያ ይኼ አፍ ቤት ስገባ በር ላይ አይቀርም፤ አብሮኝ ይገባል።

ታናሽ እህቴ ትርሲት እንደኔ አይደለችም። በአሥራ ሁለት ዓመት እበልጣታለሁ። የእናታችንን ግቢ ለሁለት ተካፍለን አጥር ለአጥር ነው የምንኖረው። ባሏ ገብረወልድ መርካቶ ይነግዳል፤ በመስቀልና በፋሲካ ብቅ ይላል። ልጇ ሩቲ ጉብሬ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ትርሲት ልብስ ሰፊ ናት። በሰፈራችን ለሠርግም ለክርስትናም በእሷ መኪና ያላለፈ ቀሚስ የለም። እየሰፋች ታንጎራጉራለች። ድምጿ አጥር ተሻግሮ ሲመጣብኝ “ኧረ አሁንስ ዝም በይ፣ ራሴን አዞርሽው!” እያልኩ የምጮህባት እኔ ነበርኩ። አፌን በቆረጠው።

ከጥር ጀምሮ ዝም አለች። መጀመሪያ ዘፈኑ ቀረ፣ ቀጥሎ መኪናው ቆመ፣ ከዚያ ጠዋት መነሳት አቃታት። አትተኛም፣ ግን ከአልጋ አትወርድም። ምግብ ሳቀርብላት በጣቷ ነካ ነካ ታደርግና ትገፋዋለች። “ምን ሆንሽ?” ስላት “ምንም።” “አመመሽ?” “እኔንጃ።” “ካላመመሽ ተነሺ!” “እሺ።” እሺ ትላለች፣ አትነሳም! ያቺ “እሺ” እንዴት እንደምታቃጥለኝ። ሰው አልነሳም ቢልሽ ተጣልተሽ ትገላገያለሽ። እሺ ብሎ የሚተኛን ሰው ምን ታደርጊዋለሽ?

ያልሞከርኩት የለም። ብርድ ልብሱን ገፍፌያለሁ፣ መስኮቱን በርግጄ ከፍቻለሁ፣ “ልጅሽ ምን ትበል፣ ባልሽ ምን ይበል” ብያለሁ። ጠበልም ወስጃታለሁ፤ ተጠምቃ፣ ተንቀጥቅጣ፣ ተመልሳ ተኛች። የሰፈሩ ሰው ደግሞ በየበሩ አዋቂ ነው። አንዷ ብርድ ነው ትላለች፣ አንዷ ዓይን ነው፣ አንዷ ባሏ እዚያ ሌላ ይዞ ይሆናል ትላለች። እኔ ራሴ በሆዴ ያልኩትን ልናገር? ስንፍና ነው ብያለሁ። አሞላቅቀናታል ብያለሁ።

በሚያዝያ ሩቲ ከጉብሬ መጣች። እናቷን አንድ ቀን አይታ፣ በማግሥቱ ባጃጅ ጠርታ “ጤና ጣቢያ ነው የምንሄደው” አለች። የትናንት ልጅ! እኔም ተከትዬ ሄድኩ። ሲስተር ኑኃሚን የምትባል ቀጠን ያለች ነርስ ተቀበለችን። እንቅልፍሽ እንዴት ነው፣ ምግብስ፣ ድሮ ደስ ይልሽ የነበረው ነገር አሁንም ደስ ይልሻል ወይ እያለች ቀስ ብላ ስትጠይቅ እኔ እየቀደምኩ መመለስ። በመጨረሻ “እትዬ፣ እባክዎ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን” አለችኝ። እኔን! ታላቅ እህቷን! ኮሪደር ላይ ቆሜ ተንጨረጨርኩ።

መልሳ ስትጠራኝ “ትርሲት ታማለች። ድባቴ ይባላል። ስንፍና አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። ብዙ ሰው ይይዘዋል፣ ይታከማል” አለችኝ።

“ለድብርት ኪኒን ልትሰጫት ነው ሲስተር?”

“አዎ። ጠዋት ጠዋት አንድ ፍሬ። ሁለት ሦስት ሳምንት ምንም ለውጥ ላያዩ ይችላሉ፤ ተስፋ ቆርጣችሁ እንዳታቋርጡ። ተሻለኝ ብላም እንዳታቆም፣ ከተሻላት በኋላም ገና ለወራት ትወስዳለች። በየሁለት ሳምንቱ እየመጣች ከኔ ጋር ታወራለች። እርስዎ ደግሞ ተነሺ እያሉ አይጩሁባት። መነሳት አቅቷት ነው።”

“እግሯ እንደሁ ደህና ነው።”

“እግሯን አይደለም ያመማት” አለች፣ ፈገግ ብላ። ሲስተር ስትስቅ ይባስ ተናደድኩ። ግን ኪኒኑን ተቀብለን ሄድን። ሩቲም በየጠዋቱ ከጉብሬ ትደውላለች፦ “እማዬ ዋጠች?” ዋጠች እላታለሁ። እውነቴን ነው፣ ትውጣለች። እሺ ባይ አይደለችም?

አሁን ወደ እድሩ ልምጣ። የሰፈራችን የእናቶች እድር ስድሳ አራት ሴት ነው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ። ሰብሳቢያችን ቲቸር ዓለምዘውድ ናቸው። በወጣትነታቸው ለማስተማር ከጎንደር መጥተው እዚሁ ጡረታ ወጡ። ጡረታ የወጡት ግን ከትምህርት ቤት ነው እንጂ ከስም ጥሪ አይደለም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ቆመው በደብተር ስም ይጠራሉ፤ “አቤት” ያላለች ቀሪ ናት። ያለ በቂ ምክንያት ሦስት ጊዜ የቀረች ትሰረዛለች። ቡታጅራ ውስጥ ከእድር መሰረዝ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልንገረው፦ ነገ ቤትሽ ሬሳ ቢወድቅ ድንኳን የሚተክልልሽ፣ ወጥ የሚሠራልሽ፣ አብሮሽ የሚያለቅስ የለም ማለት ነው። በቁም መቀበር ነው።

ትርሲት በሚያዝያና በግንቦት ሁለት ለቅሶ ቀረች። እሑድ ስብሰባ ላይ ቲቸር መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው “ትርሲት፣ ሁለት ቀሪ። አንድ ቀራት። ምክንያት ካለ?” ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ። ስድሳ ሴት ወደ እኔ ዞረ።

ሲስተር ኑኃሚን ማስረጃ እጽፋለሁ ብላኝ ነበር። ታማለች፣ ድባቴ ነው፣ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ገበያ መካከል ከጉልቤ ሁሉ ጋር የሚሟገተው አፌ ተሳሰረ። ድብርት ብል ይስቃሉ። የአእምሮ ብል አበደች ይላሉ፤ ነገ ሩቲን ማን ያገባታል፣ ማንስ ልብስ ያሰፋታል አልኩ በሆዴ። ከዚያ አፌ ራሱ ተከፈተና “ስኳር አለባት” አለ።

ለምን ስኳር? ስኳር የተከበረ በሽታ ነዋ! ሐጂውንም ይይዛል፣ ቄሱንም ይይዛል፣ ባለፎቁንም ይይዛል። በስኳር የታማ ሰው የለም። ሴቱ ሁሉ “ውይ! እግዜር ይማራት! አላህ ያሽራት!” አለ፣ ቲቸርም “በሕመም” ብለው ጻፉ፣ እኔም ተነፈስኩ።

ቤት ስደርስ ለትርሲት ነገርኳት። “የጠየቀሽ ካለ ስኳር ነው በይ።”

ቀና ብላ አየችኝ። “ስኳር?”

“አዎ ስኳር! ምን አለበት? ስምሽን ላድን ብዬ ነው።”

“እሺ” አለች።

አያችሁ፣ ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ ግን እያደር ከበደ። የኛ አገር ሰው የታመመን ሰው ብቻውን አይተውም፤ ያን ረስቼው ነው ወይ የዋሸሁት? ማክሰኞ ዕለት አሥራ አራት ሴት ብርቱካንና ሙዝ ይዞ ትርሲት ቤት ከተፍ አለ። ግድግዳውን ተደግፈው ዙሪያውን ተቀመጡ። ብርቱካኑን ካስቀመጡ በኋላ አንዷ “እንዴ፣ ለስኳር በሽተኛ ብርቱካን?” አለችና መልሰው ያዙት። ማሩን ከመደርደሪያ አወረዱ። የስኳሩን ጣሳ ወሰዱ። ቆጮ ይስማማታል፣ አይስማማትም ብለው አንድ ሰዓት ተጨቃጨቁ። አንዷ ግራዋ ጨምቃ አመጣች፣ አንዷ ሽፈራው ቀቅላ። ትርሲት መካከላቸው ተቀምጣ የተሰጣትን ሁሉ “እሺ” እያለች ትጠጣለች። ከሰው ጋር ሁለት ቃል መነጋገር እንደ ድንጋይ የሚከብዳት ልጅ! እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጥርሴን አፋጫለሁ። ምን ልበል? ራሴ የጠራኋቸው እንግዶች ናቸው።

ከሁሉም ግን ሰልሚያ ባሰች። ሰልሚያ ጎረቤታችን ናት፣ ደግ ሴት፣ እጇ ለሰው የተፈታ። ስምንት ዓመት ስኳር ስላለባት እኔ የማውቀውን ሐኪም አያውቀውም ባይ ናት። ጓደኛ አገኘሁ ብላ ነው መሰለኝ ደስ አላት። በየጠዋቱ በፔርሙስ አብሽ ይዛ ትመጣለች። “አብሽሪ ትርሲትዬ፣ ወላሂ ስኳር አይገድልም፣ የሚገድለው ሐሳብ ነው” ትላታለች። እሱንስ እውነቷን ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል ግን ያ ኪኒን ሥራውን ይሠራ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ አጥሩን ተሻግሮ የመኪናው ድምፅ ተሰማኝ። ትር ትር ትር፣ ዝም፣ ትር ትር። በርበሬዬን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ። ትርሲት ነጠላ ለብሳ የትራስ ልብስ ጠርዝ እየሰፋች ነው። እንባዬ መጣ። እንባዬ ቢመጣም አፌ ቀደመ፦ “ይኸው! ትችዪ የለ እንዴ! እስካሁን ስታሾፊብን ነበር?”

እጇ ቆመ። ጨርቁን አጣጥፋ ተነስታ ገባች። ሦስት ቀን መኪናው አልተነካም። በማን ልማረር? ማን ላይ ልጩህ?

በሰኔ አጋማሽ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ እኔ ገበያ ነኝ። ወደ አምስት ሰዓት ስልኬ ጠራ፤ “ቶሎ ነይ፣ እህትሽ ተዝለፈለፈች” ተባልኩ። በርበሬው ላይ ጆንያ ወርውሬ በባጃጅ በረርኩ። ስገባ ትርሲት ወለል ላይ ናት፤ ላብ አጥምቋታል፣ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ የማይገባ ነገር ትለፈልፋለች። ወንዱም ሴቱም ግቢውን ሞልቶታል። አንዲት ጎረቤት በማንኪያ ማር ይዛ “ላቅምሳት! እንዲህ ሲያደርግ ማር ነው!” ትላለች። ቲቸር ዓለምዘውድ በሁለት እጃቸው ከለከሏት። “ስኳር በሽተኛ ናት እኮ! ማር ሰጥተሽ ልትገድያት ነው?”

ማሩ አፏ ሥር ደርሶ ተመለሰ። እኔ ደግሞ ቆሜ አየሁ። ስኳር እንደሌለባት የማውቅ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። “ስጧት፣ የለባትም” ማለት ሁለት ቃል ነው። ስድሳ ቤት የሰማውን ውሸት እዚያ ግቢ ውስጥ መብላት አቃተኝ። ይኼንን ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ፣ ለናንተም እነግራችኋለሁ፦ ዝም አልኩ።

ባጃጅ ውስጥ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድን። ሲስተር ኑኃሚን ስታያት አልጠየቀችም፤ ጣቷን ወግታ ደሟን በመሣሪያ አየችና “ሠላሳ አንድ! ግሉኮስ፣ ቶሎ!” ብላ ጮኸች። ሲስተር ስትጮህ ያን ቀን ነው የሰማሁት። በደም ሥሯ ሰጧት። ቆይቶ ዓይኗ ተገለጠ፣ “እትዬ” አለችኝ። ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

“ስኳሯ እንዲህ የወረደው በመድኃኒት ነው” አለች ሲስተር። “ማነው የስኳር መድኃኒት የሰጣት?”

ያኔ ሰልሚያ እያለከለከች ደረሰች፤ ቲቸር ከኋላዋ ናቸው። ሰልሚያ ነገሩን ስትሰማ ከሻሿ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ የራሷን ኪኒን አሳየች። “እኔ ነኝ። ጠዋት የምትውጠውን አየሁና ይኼ የስኳር አይደለም፣ ተሳስተው ነው የሰጡሽ አልኳት። የኔን ሰጠኋት። ቁርሷንም አልበላችም ነበር። ያ አላህ! ምን አደረግኩ?”

“ትርሲት ስኳር የለባትም” አለች ሲስተር። “የራሷ ካርድ እኔ ጋ ነው፤ አንድም ቀን ስኳር ኖሮባት አያውቅም። ስኳር አለባት ያለው ማነው?”

ሰልሚያ ወደ እኔ ዞረች። ቲቸር ወደ እኔ ዞሩ። የበርበሬ ነጋዴዋ ተናኘወርቅ ወለሉን አየች።

ያ መድኃኒት መልሶ ስኳሯን ሊያወርደው ስለሚችል እስከ ነገ ትቆያለች ተባለ። ሲስተር መጋረጃውን ስባ ከትርሲት ጋር ብቻዋን ማውራት ጀመረች። እኔ ውጭ ነኝ፣ መጋረጃ ግን ግድግዳ አይደለም። “ትርሲት፣ እውነቱን ንገሪኝ። መሞት ፈልገሽ ነው የዋጥሽው?” ስትል ሰማሁ። ለካ ያን ቀን እኔን ያስወጣችኝ ይኼን ልትጠይቃት ኖሯል! አምስት ወር ሙሉ ተነሺ፣ ብዪ፣ ታጠቢ እያልኩ ስጮህ፣ እህቴን ይኼን አንድ ጥያቄ ጠይቄያት አላውቅም።

“አይ ሲስተር። እሱ ሐሳብ እንኳ አሁን ትቶኛል” አለች ትርሲት። ትቶኛል! እኔ መኖሩንስ መች አወቅኩ?

ሲስተር ስትወጣ ገባሁ። ላቅፋት ነበር ያሰብኩት። አፌ ግን አፌ ነው። “አንቺ ደንቆሮ! ስኳር እንደሌለብሽ እያወቅሽ ምን ሆነሽ ነው የሰው ኪኒን የምትውጪው? አይሆንም ማለት ያቅትሻል?”

ቀስ ብላ አየችኝ። “ሰልሚያ ኪኒኑን ዘርግታ ቆማለች። ሌሎቹም ቁጭ ብለው ያዩኛል። የለብኝም ብል ተናኘወርቅ በእድር ፊት ዋሸች ሊሉሽ ነው። አንቺ በዚህ ከተማ ያለሽ ስምሽ ብቻ ነው፤ በቃሏ የምትሸጥ ሴት ይሉሻል። አንዲት ፍሬ ኪኒን ምን ታደርጋለች ብዬ ዋጥኳት።”

የኔን ስም ልታድን! እኔ የእሷን ስም አድናለሁ ብዬ ዋሽቼ፣ እሷ የኔን ስም አድናለሁ ብላ ልትሞት!

“እኔ እኮ አላፈርኩም እትዬ” አለችኝ ደግሞ። “ታመምኩ፣ ሐኪም ቤት ሄድኩ፣ መድኃኒት ጀመርኩ። አንቺ ነሽ ያፈርሽብኝ።”

ሠላሳ ዓመት ያላረፈ አፍ ያን ጊዜ አረፈ። እግሯን ይዤ አለቀስኩ። እሷም ፀጉሬን ትዳብሳለች። የታመመችው እሷ፣ የምታባብለው እሷ! ሳለቅስም አናደደችኝ፣ እውነቴን ነው።

እሑድ ስብሰባ ልሄድ ስነሳ “ዛሬ እድሩ ፊት ልናገር ነው። ግን ያንቺ ነገር ነው፣ አትናገሪ ካልሽኝ የዋሸሁትን ብቻ ተናግሬ እተወዋለሁ” አልኳት። እንደዚህ አስፈቅጄ የማላውቅ ሰው! “ተናገሪ” አለች። “ስሙንም ጥሪው።”

ስብሰባው ላይ ተነሳሁ። “ትርሲት ስኳር የለባትም፤ ዋሽቻችኋለሁ። ያለባት ድባቴ ነው። የአእምሮ ሕመም ነው፣ ሐኪም አይቷታል፣ መድኃኒት ላይ ናት፣ እየተሻላትም ነበር።” ከኋላ አንዷ፣ “ድብርትማ እኔንስ ይደብረኝ የለ? ዝናብ ሲዘንብ ይደብረኛል፣ ባሌ ሲመጣም ይደብረኛል። ታዲያ ለቅሶ ቀርቼ አውቃለሁ?” አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

“አንቺ ሲደብርሽ ሦስት እንጀራ በልተሽ፣ ጎረቤት አምተሽ ይወጣልሻል!” አልኩ፤ አፌ ተመለሰልኝ። “እህቴ እህል ካልቀመሰች፣ እንቅልፍ ካላየች ስንት ወሯ ነው! መነሳት እየፈለገች መነሳት ያቃታት ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ሞት በሐሳቧ ይመላለስ እንደነበር ታውቂያለሽ? እኔም አላውቅም ነበር! አጥር ለአጥር ሆኜ አላውቅም ነበር! ሳቂ፣ እኔም ስቄያለሁ፤ ሰነፍ ናት ብያለሁ። ይኸው ስቄ ስቄ ልገድላት ነበር!”

ማንም አልሳቀም። ቲቸር መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። “ደንቡ ‘በሕመም ምክንያት’ ነው የሚለው” አሉ። “የትኛው ሕመም አይልም። ስለዚህ የትርሲት ቀሪ በሕመም ተይዟል፣ እስክትድንም ይያዛል።” ጽፈው ቀና አሉ። “ተናኘወርቅ ግን በእድር ፊት ሐሰት ተናግራለች። ሦስት ለቅሶ ድስት አጣቢ ትሆናለች።” ብዕሩን ግን አላስቀመጡም። “ማሩን ከአፏ የመለስኩት እኔ ነኝ። ሳላውቅ አዋቂ ሆኜ። የኔም ስም ከእሷ ሥር ይጻፍ።” አይሆንም፣ ምን በወጣዎት ብንላቸው ወይ ፍንክች! ራሳቸው ጻፉት።

ሰልሚያ ሳምንት ሙሉ ዓይኗን ነፈገችኝ፤ አልፈርድባትም። በእጄ ሰው ሊሞት ነበር ብላ ስታለቅስ ነው የሰነበተችው። በስምንተኛው ቀን ግን ውኃ በጆግ ይዛ መጣች። ትርሲት አጠገብ ተቀመጠች፣ የራሷን ኪኒን አወጣች፣ ትርሲትም የራሷን አወጣች። “የኔ የኔ፣ ያንቺ ያንቺ። ቢስሚላህ” አለችና እኩል ዋጡ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እንዲያ ነው የሚያደርጉት። አሥራ አራቱ ሴቶች በተራ ሁለት ሁለት ሆነው ይመጣሉ፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቀመጥ የለም፣ ቲቸር ሰዓት ይዘዋል። እኔም ከሲስተር የታዘዝኩት አለ፦ አልጮህም፣ እስከ በሩ አብሬያት እሄዳለሁ፣ መኪናው አጠገብ አሥር ደቂቃ ብትቀመጥ በቂ ነው፣ ካልቻለች ነገም ሌላ ቀን ነው። ጽፌ ኩሽና ለጥፌዋለሁ። ሩቲ ለኔም ትደውላለች አሁን፦ “እትዬ፣ ዛሬ ጮኽሽ?” ዘመኑ ተገልብጧል።

በነሐሴ መጨረሻ የቅጣታችን ሦስተኛው ለቅሶ ደረሰ። ዝናብ ነው፣ ድንኳኑ ያፈሳል። እኔና ቲቸር ጓሮ ጭቃ ውስጥ ተቀምጠን ድስት እንፈትጋለን። ቲቸር ድስት ሲያጥቡም አራሚ ናቸው፤ እኔ ያጠብኩትን ይመልሱብኛል። ቀና ስል ትርሲት ነጠላዋን ዘቅዝቃ በአጥሩ በር ገባች። ማንም አልጠራትም። ድንኳን ገብታ ተቀመጠች። ቲቸርን የተካችው ሴት ስም ስትጠራ “አቤት” ስትል ሰማኋት። ድምጿ ቀጭን ነበር፣ ግን ተሰማ። ቲቸር አቀርቅረው ድስቱን አጥብቀው ፈተጉ።

ግማሽ ሰዓት አልቆየችም፣ ወደ ጓሮ መጣች። “ደከመኝ እትዬ። ልሂድ።”

አፌ ላይ የመጣውን ታውቃላችሁ። ምን አለ ትንሽ ብትቆዪ፣ ሰው ምን ይላል፣ ገና ሬሳ እንኳ አልወጣም። ሁሉም መጣ፣ አንድ ባንድ ዋጥኩት። “ሂጂ” አልኳት። “ቀስ እያልሽ፣ ያዳልጣል።”

ገና በሩ ሳትደርስ፣ አሚኔ የምትባል በቅርቡ ከወልቂጤ የመጣች ጎረቤት ድስት ልታቀብለኝ መጣች። “ያቺ እህትሽ ናት? ምን ሆና ነው እንዲህ የከሳችው?” አለችኝ።

አትታዘቡኝ፤ “ስኳር” ብሎ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ከዚያ ሁሉ በኋላ! የአፍ ልማድ በባሕር ቢያጥቡትም አይለቅም መሰለኝ። ቲቸር ፍተጋቸውን አቁመው አዩኝ።

“ድባቴ ይዟት ነው” አልኩ፣ ድንኳን ውስጥ እስኪሰማ ድረስ። “የአእምሮ ሕመም። መድኃኒት ላይ ናት፣ እየተሻላት ነው።”

በሩ ላይ ያለችው ትርሲት ሰማች። ዞር አላለችም፤ እጇን ብቻ ከነጠላዋ አውጥታ ከፍ አደረገችልኝና ወጣች። ዓይኔ ሞላ። አሚኔ ድስቱን ይዛ አፏን ከፍታ ቆማለች።

“ምን ታዪኛለሽ?” አልኳት። “አምጪው እንጂ ድስቱን፣ ይደርቅብኛል!”